የካቧ ኮክ

ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ጎንደር ፒያሳ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አንዲት ሴት ኮክ በሳፋ ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሳፋው ላይ የጣለችውን ላስቲክ ስትገልጠው ሽታው ወጣ። የበሰለ ኮክ ሽታ ከሌላ ፍሬ ሽታ ጋር አይገናኝም፤ አበባም አበባ ይላል፣ ዝናብ የመታው በግም በግም ይላል።

«ማር ነው አባባ፤ ይቅመሱት» ብላ አንዱን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ዘረጋችልኝ።

«አልቀምስም» አልኋት።

«ምነው፣ ጾሙ እኮ ገና ሳምንት ይቀረዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሳይቀምሱ ጣፋጭ መሆኑን በምን ሊያውቁት ነው?»

እሷ ገበያ ብላ ነው። እኔ ግን የመጣው ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ልጅ ሆኜ ሳልቀምስ ቀመስሁ ብዬ፣ አንድ ሰው ዓመታት የደከመበትን ነገር ከሥሩ አስቆርጫለሁ። ይህን ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም። የነገርኋቸው ኮክ ጉሮሮዬን ያሳክከኛል ብዬ ነው። እሱም ውሸት ነው።

ጊዜው የጃንሆይ ጊዜ ነው። አገራችን ከጎንደር ወደ ዳባት ሲወጣ ከመኪናው መንገድ የግማሽ ቀን እግር ያስኬዳል። ደብራችን ማርያም ናት። ከቤታችን በታች የእናቴ አጎት አያ ደምሌ ለብቻው ይኖር ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር ሰው ፊት የማያይ ሰውዬ ነው። በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ከተማ የአንድ ሹም ግቢ አትክልት ኮትኳች ነበር። ከዚያ ይዞት የመጣው ሁለት ነገር ነው፤ አንዲት የምትታጠፍ ሰንጢና ዛፍ ከዛፍ ማዳቀል። የአንዱን ዛፍ ዓይን፣ ያንን ቅጠሉ ሥር ያለውን እምቡጥ ማለቴ ነው፣ በሰንጢ ከነቅርፊቱ ያነሣና በሌላው ዛፍ ቅርፊት ውስጥ ሸጉጦ በልጥ ያስረዋል። ዓይኑ እዚያው ይዞ ቅርንጫፍ ይሆናል። ሰው ይህን ሲያይ ያማትብ ነበር።

«እግዜር የለየውን ምነው ታገናኛለህ?» ይሉታል ሴቶቹ ውሃ ሲወርዱ።

«በቅሎ ላይ ስትቀመጡ እንዲህ አትሉም» ይላቸዋል።

የአገራችን ኮክ ትንሽ ናት። ጣዕሟ ሸጋ ነው፤ ግን ዘሯ ትልቅ፣ ሥጋዋ ስስ፤ ያውም ሥጋው ከዘሩ አልላቀቅ ብሎ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። የከተማው ኮክ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ይቀላል፣ ብትበላው ግን ውሃ ነው። አያ ደምሌ የኛዋን ጣዕም ከከተማው ሥጋ ጋር ባንድ ፍሬ ላይ ማየት ፈለገ። ዓይን ማዳቀል ለዚህ አይሆንም፤ ያለውን ያበዛል እንጂ አዲስ አያመጣም። ስለዚህ ከአበባው ጀመረ። በየካቲት ጎንደር ወርዶ ያበበ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። የኛዋ ኮክ ላይ ገና ያልፈነዱትን አበቦች በጥፍሩ ከፈተ፤ ውስጣቸው ያሉትን ክሮች ነቀለ፤ የከተማውን አበባ ብናኝ በዶሮ ላባ አስነካቸው። ከዚያ ንብ ገብታ እንዳታበላሽበት እያንዳንዱን አበባ በነጠላ ቁራጭ ቋጠረው። እናቴ ስትነግረኝ፣ ዛፏ ጣቶቿ ሁሉ ቆስለው የታሰሩላት ሴት ትመስል ነበር።

ከዚያ ከተገኘው ዘር ሰባቱ በቀሉ። የእሱ ጓሮ ድንጋይ ስለሆነ ሰባቱንም እኛ ጓሮ ተከላቸው። እኔ ያኔ ጡት አልጣልሁም ነበር።

«የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው» ይለኝ ነበር ኋላ ነፍስ ሳውቅ። «አንተና ጥሩወርቅ ትመሳሰላላችሁ? አትመሳሰሉም። እነዚህም እንደዚያው። ከሰባቱ አንዷ የምፈልጋት ትሆናለች። የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ አፍ ብቻ ነው።»

ጥሩወርቅ እህቴ ናት፤ ይህ በሆነበት ክረምት አሥር ዓመቷ ነው።

አባቴ በእነዚያ ዛፎች ተማርሮ ነበር። ጓሯችን ጠባብ ነው። ዛፎቹ ወፍ ይሰበስባሉ፤ እሱ ደግሞ ለመስከረም ሽንብራ ሊዘራበት ይፈልጋል።

«አያ ደምሌ፣ ይህን ጫካህን መቼ ነው የምታነሣልኝ?»

«ፍሬውን ልይ።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ጥላውን ነው ያየሁት እኔ።»

«ጥላው ምን አደረገህ? ትተኛበት የለም ወይ?»

እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው ያን ዓመት ሐምሌ ላይ ተስማሙ። ዛፎቹ በደንብ ያፈሩት ያን ክረምት ነው። ፍልሰታ ሲፈታ አያ ደምሌ አንዷን ይመርጣል፤ እሷ ትቀራለች፤ ስድስቱን አባቴ ቆርጦ አጥር ያጥርባቸዋል። አያ ደምሌም ከተመረጠችው ዓይን እየወሰደ በየሰዉ ጓሮ ያዳቅላል። ሌላ የመምረጫ ዓመት የለም። ይህን እኔም ሰምቻለሁ።

ችግሩ ኮኮቹ የሚበስሉት ልክ ፍልሰታ ሲገባ መሆኑ ነው። አያ ደምሌ ፍልሰታን ሱባዔ ይይዛል። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከአንዲት ጎጆ ገብቶ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጭብጥ የተነከረ ሽንብራና ውሃ እንጂ ሌላ አይቀምስም። እናቴና አባቴ ማታ ቢቀምሱለትስ? እናቴ ይህንኑ ጠየቀችው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የዋለ አፍ አይታመንም» አላት። «ጭቃ ብትሰጪው ይጣፍጠዋል። ኮክ የሚቀመሰው ጠዋት ነው፤ ሌሊቱ አቀዝቅዞት፣ ቀማሹም ሳይርበውም ሳይጠግብም።»

«ታዲያ ማን ይቅመስልህ? ሰዉ ሁሉ ጾመኛ ነው።»

ወደ እኔ አየ። ሰባት ዓመት የሚሞላኝ መስከረም ላይ ነው። ከሰባት በታች ጾም ግድ አይደለም። በሰፈራችን ከሰባት በታች ሆኖ ነገር አጣርቶ መናገር የሚችል እኔ ብቻ ነበርሁ።

እንግዲህ ሥራዬ ይህ ሆነ። ጠዋት አፌን በውሃ እጉመጠመጣለሁ። ከደረሱት ዛፎች ከየአንዳንዷ ሦስት ፍሬ ቀምሼ ዘሮቹን በቅጠል እጠቀልላለሁ። ቅዳሴ ሲያልቅ ወደ ጎጆው ሄጄ እነግረዋለሁ። አያ ደምሌ ፊደል አይቆጥርም። በአንድ በትር ላይ ለየዛፉ አንዳንድ ክር አስሯል። ጣፋጭ ካልሁ አንድ ቋጠሮ፣ በጣም ጣፋጭ ካልሁ ሁለት፣ ጎምዛዛ ካልሁ ምንም። ዘሮቹን ደግሞ በጣቱ ይዳብሳቸዋል፤ ዓይኑ ደክሟል። ሥጋው ንጹሕ ሆኖ ተላቆ እንደሆነ ወይም ጭገር ጭገሩ ዘሩ ላይ ቀርቶ እንደሆነ በዚያ ያውቃል።

መጀመሪያ የደረሱት ሦስቱ ናቸው። በሐቅ ቀመስሁ። አንደኛዋ ትመራለች፤ ሁለቱ ይጎመዝዛሉ። እንዳለ ነገርሁት። «ተወው፣ ገና አራት አለ» አለ። ያኔ አንድ ትልቅ ሰው እኔ የተናገርሁትን በክር ሲቋጥር ሳይ፣ ከአፌ የሚወጣ ነገር ሁሉ እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ልጆቹ ናቸው ሰላም የነሱኝ። የቄሱ ልጅ ቢራራ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ደጀ ሰላሙ አጠገብ ይሰበስብና «ምላስ» ይላል። ሁሉም ምላሱን ያወጣል። ምላሱ የነጣና የደረቀ ጾሟል ማለት ነው። እርጥብ ከሆነ በልቷል። ጥሩወርቅ ምላሷ እንደ ኖራ ነው። የኔ ቀይ ነው።

«ይኸው ኮክ ቀማሹ መጣ» ይላል ቢራራ። «እናንተ ራቁለት፣ ጡት ሊጠባ ነው።»

«አያ ደምሌ ነው ያዘዘኝ!»

«አያ ደምሌማ ጾመኛ ነው። አንተን ነው የሚያስበላ።»

እህቴ እንኳ ሳቀች። እሷ ባትስቅ ይሻለኝ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ዛፎቹ ሥር ቆሜ ጾምሁ። ማንም አላየኝም። ቀኑ እንዴት እንደዋለ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ምላሴን ሳወጣ ቢራራ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይህስ ጾሟል» ማለቱን ነው። ጥሩወርቅ መጥታ አጠገቧ አቆመችኝ። ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አንድ ቀን ጾሜ እተዋለሁ ብዬ ነበር። ቢራራ ግን አንድ ነገር አለ፤ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ያለፈው ሁሉ ይፈርስበታል፣ መልአኩ ይደመስሰዋል። ስለዚህ በየቀኑ የማፈርሰው ነገር እየበዛ ሄደ። ሁለት ቀን ከጾምሁ በኋላ አንዲት ፍሬ በምላሴ ጫፍ ብነካ ሁለት ቀን ይጠፋል። አምስት ቀን ከሆነ በኋላማ እንዴት ተደርጎ?

የቀሩት አራት ዛፎች የደረሱት በዚያው ሰሞን ነው። ከአራቱ የሁለቱ ፍሬ ገና ሲያዩት ደቃቃ፣ ትል የበላው ነው። የቀሩት ሁለቱ የበሯና የካቧ ናቸው። የበሯ ያልናት በጓሮው በር አጠገብ ያለችው ናት። ፍሬዋ ትልልቅ፣ ጉንጫቸው ደም የመሰለ። የካቧ ከድንጋይ ካቡ ሥር ናት፤ ፍሬዋ ሲበስልም አረንጓዴ ነጭ እንደሆነ የሚቀር፣ ጠጉራም፣ ጎኑ ወጣ ገባ። ጣፋጭ ነገር ቀይ ነው ብዬ አምን ነበር። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም።

ዘሩን ማሳየት ስላለብኝ ፍሬዎቹን እየወሰድሁ ከወንዙ ዳር በድንጋይ እፈገፍጋቸዋለሁ። የካቧ ሥጋ ገና ስነካው ከዘሩ ይላቀቅና ጭማቂው እስከ ክርኔ ይወርዳል። ተርብ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ይወረኛል። ወደ በሯ ፍሬ አንድም አይሄድም። እኔ ተርብ የሚወደው የበሰበሰ ነው ብዬ የካቧን ንቄ ጣልኋት። የበሯ ሥጋ ዘሩ ላይ ሙጭጭ ሲልብኝ ደግሞ በአሸዋ አሸሁት፣ አጥንት እስኪመስል። ያንን ወስጄ ለአያ ደምሌ እሰጣለሁ።

«የበሯ እንዴት ናት?»

«በጣም ጣፋጭ።»

«ምን ምን ይላል?»

«ማር ማር።»

«ዘሯስ...» ይዳብሳል። ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ሰሞን ነው። «እንዴት ንጹሕ ናት እቴ። የካቧስ?»

«ውሃ ውሃ ትላለች።»

«አይ። እሷን ነበር ተስፋ ያደረግሁ። ካብ ሥር ያለ ዛፍ ሙቀት ያገኛል ብዬ።»

የበሯ ክር ላይ ሁለት ቋጠሮ አሰረ። ቋጠሮውን ሲያጠብቅ በጥርሱ ነው። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በማግሥቱም ሁለት፣ በማግሥቱም ሁለት።

ጾሙ ተፈታ። በማግሥቱ፣ ነሐሴ አሥራ ሰባት፣ አባቴ መጥረቢያውን ስሎ ጠበቀ። አያ ደምሌ በትሩን ይዞ መጣ። እናቴ «አያ ደምሌ፣ እንግዲህ ጾሙ ወጥቷል፤ አንተ ራስህ አንድ ብትቀምስስ» አለችው።

«ትናንት ስንት ዶሮ እንደበላሁ ታውቂያለሽ። ምላሴ በበርበሬ ነዷል። በእንዲህ ያለ አፍ የአሥራ አምስት ቀን ነገር አላበላሽም።» ወደ እኔ ዞረ። «ለመጨረሻ ልጠይቅህ። የበሯ ናት?»

አባቴ፣ እናቴ፣ ጥሩወርቅ ቆመው ያያሉ።

«የበሯ ናት» አልሁ።

አባቴ ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ጀመረ። የኮክ ግንድ ለስላሳ ነው፤ አንድ ዛፍ ብዙ አላቆየውም። የካቧ አራተኛ ሆና ወደቀች። ቅርንጫፏ ላይ የቀሩ ፍሬዎች ነበሩ፤ ተበትነው ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ጾም የለም። ጥሩወርቅ አንዱን አንሥታ ነከሰች።

ከዚያ አገጯን እየጠረገች «እማ፣ ነይ ይህን ቅመሺ» አለች።

እናቴ ቀመሰች። አባቴን አየችው። አባቴ መጥረቢያውን አስቀምጦ ቀመሰ፤ ሁለተኛ አነሣ። አያ ደምሌ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ነገር መኖሩን ያወቀው የመጥረቢያው ድምፅ ሲቆም ነው። «ምንድን ነው? ምን ሆናችኋል?» አለ። እናቴ እጁ ላይ አንዱን አስቀመጠችለት። ውሃ ጠይቆ ሁለት ጊዜ ተጉመጠመጠ። ነከሰ። ዘሩን አወጣ፣ በጣቱ ዳበሰው፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወደ በሯ ዛፍ ሄዶ በዳሰሳ አንድ ቀይ ፍሬ ቀጠፈና ነከሰ። እሱን መሬት ላይ ተፋው።

«ና ወዲህ» አለኝ።

ሄድሁ።

«ይህን ቀምሰሃል?»

«አልቀመስሁም።»

«ያንንስ?»

«ያንንም።»

«ምነው?»

«ጾሜ ነው።»

አባቴ እጁን አነሣ። አያ ደምሌ «ተው» አለው። ጉንጬን ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ ምንም አልመጣም። ስገልጥ አያ ደምሌ የካቧ ጉቶ ላይ ተቀምጧል።

«ብትጾም አልጠላም ነበር» አለ። «እኔ የራሴን ጾም ይዤ አንተን አስበላሁ፤ እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ ከንስሐ አባቴ ጋር እንነጋገርበታለን። ግን ጾሜያለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት? ‹አያ፣ ዛሬ አልቀመስሁም› ብትለኝ ክሩን እዘለው ነበር። ባዶ ክር እኮ አይዋሽም።»

እኔ የወደቀውን ፍሬ ከሣሩ መልቀም ጀመርሁ።

አባቴ ነው ከዚያ ያነቃን። «አያ ደምሌ፣ እንግዲህ አንዴ ሆኗል። ቅርንጫፉን ላንሣው?» አለ።

አያ ደምሌ ብድግ አለ። «እንዳትነካው! ጥሩወርቅ፣ እርጥብ ጆንያ አምጪ። አንተ ልጅ፣ ልጥ ላጥ።» ሰንጢውን አወጣ። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቅጠሉ እስኪጠወልግ ዓይኑ በሕይወት አለ። የበሯ ደግሞ ቆማለች፤ ሥሯ ደኅና ነው። ፍሬዋ ባይረባ የካቧን ዓይን ልትሸከም ትችላለች።

እስኪመሽ ሠራን። እኔ ልጡን እያራስሁ አቀብላለሁ። እሱ የበሯን ቅርፊት ይሰነጥቅና የካቧን ዓይን ይሸጉጣል፤ በየዓይኑ ሥር የቅጠሉን ግንድ አጭር አድርጎ ይተዋል። በዳሰሳ ነው የሚሠራው። እጁ ከጾሙ ገና አልጠናም፤ ሁለት ዓይን ከጣቱ ወድቆ ጭቃ ነካው፣ ጣላቸው። ዝናብ መጣ። እናቴ «ይብቃህ፣ ትታመማለህ» ብትለው አልሰማትም። አሥራ አራት ዓይን አስረን ጨረስን። እስከ መጨረሻው «ልጥ» እያለ እጁን ይዘረጋልኝ ነበር።

እንዳለችውም ታመመ። ጳጉሜን ሙሉ ደረቱን ይዞት ቤታችን እሳቱ ዳር ተኛ። መስከረም ጠብቶ ሁለት ሦስት ቀን እንዳለፈ ጠዋት ጠራኝ።

«ያ አጭር የቅጠል ግንድ ትዝ ይልሃል? እሱን በጣትህ ንካው። እንደነካኸው ከረገፈ ዓይኑ ይዟል። ደርቆ ሙጭጭ ካለ ሞቷል። ሂድና ነካክተህ ንገረኝ።»

ወጣሁ። ሣሩ ውሃ አዝሏል። የመጀመሪያውን ነካሁት፤ ሙጭጭ አለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ገፋ አድርጌ ላረግፈው እችል ነበር፤ ጣቴን ሰበሰብሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ገና ሲነካ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ዓይን አረንጓዴ ነው። ከዚያ እንደገና ሙጭጭ፣ ሙጭጭ። ከአናት አካባቢ አንድ ሌላ ረገፈ። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሬ ቆጠርሁ።

ቤት ስገባ አያ ደምሌ በክርኑ ቀና ብሎ ይጠብቀኛል። ፊቱ ላይ ያለውን ሳይ ሁሉም ይዘዋል ልለው አማረኝ። ቢያንስ ሰባት ልለው።

«ስንት ያዘ?»

«ሁለት።»

«ከአሥራ አራቱ?»

«ሁለት ናቸው አያ። አሥራ ሁለቱ ደርቀዋል።»

እናቴ ከጓዳ ሰምታ «አንተ ልጅ፣ በደንብ አይተሃል?» አለችኝ፤ ወዲያው ነጠላዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። «ቆይ አያ ደምሌ፣ እኔ ራሴ ሄጄ ልይልህ።»

«አትሂጂ» አላት። ቀስ ብሎ ተመልሶ ጋደም አለ። «ሁለት ካለ ሁለት ነው።»